ሳምቡሳ ቢገለበጥም ሳምቡሳ ነው

የምናስተምርበት የቅርጽ ሥዕል ሦስት ማዕዘንን ሁልጊዜ በአንድ አቋም ያሳያል፤ ጎኖቹ እኩል፣ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ሹል። ዛሬ ያንኑ ቅርጽ ከካርቶን ቆርጬ ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ስይዘው ብዙዎቹ የኦ ክፍል ልጆቼ «ይህ ሦስት ማዕዘን አይደለም» አሉ። አንዷ «ወድቋል» አለችኝ። ቀጭንና ረጅም የሆነውንማ ጨርሶ አልተቀበሉትም።

ይህን ስንፍና ብሎ የሚቆጣ ሰው ያሳዝነኛል። ፒየርና ዲና ቫን ሂለ የተባሉት ኔዘርላንዳውያን ባልና ሚስት መምህራን በ1957 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ በመጀመሪያው የጂኦሜትሪ እርከን ላይ ያለ ልጅ ቅርጽን የሚለየው በአጠቃላይ መልኩ እንጂ ጎንና ማዕዘን ቆጥሮ እንዳልሆነ አስረድተዋል። መልኩ ከተለወጠበት ስሙም ይለወጥበታል።

በመክሰስ ሰዓት ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሳምቡሳ ይዞ የመጣ ልጅ እያገላበጠ ይበላ ነበር። ሳምቡሳ ጫፉ ወደ ታች ሲሆን «ወድቋል» የሚል ልጅ የለም፤ በእጃቸው ይዘው ከየአቅጣጫው ያውቁታላ! የግድግዳውን ሥዕል ግን ማንም አዙሮት አያውቅም። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ ልጆች የእንጨት ቅርጾችን ጠርዝ በጣታቸው እየተከተሉ እንዲዳስሱ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ስንጥርና እርጥብ ጭቃ አቀረብኩላቸው። ጭቃውን በትንንሹ አድቦልቡለው ስንጥሮቹን ጫፍ ለጫፍ አያያዙ። ባለ ሦስቱ ሲገፉትም ቅርጹን አልለቀቀም። ባለ አራቱ ግን በጣት ገፋ ሲደረግ አጋደለ። «ቲቸር፣ ካሬዬ ተንጋደደብኝ!» ብሎ አንዱ ሊያለቅስ ደረሰ። ከጥግ ወደ ጥግ ረዘም ያለ ስንጥር እንዲያስገባ ነገርኩት፤ ካሬው ተከፍሎ ሁለት ባለ ሦስት ጎን ቅርጽ ሆነና ቀጥ አለ። አባቱ አናጢ የሆነ ሌላ ልጅ «አባዬም ጣሪያ ሲሠራ እንዲህ ያደርጋል» አለ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የሠሩትን ሦስት ማዕዘን እያነሡ ሲያዞሩትና ጥጎቹን በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ የቱም ጎን ከላይ ቢሆን ቁጥሩ ሦስት ሆነላቸው።

ክብን በግቢው አፈር ላይ ሠራን። ገመድ ከችካል ጋር አስረን፣ በሌላኛው ጫፍ በታሰረ እንጨት መሬቱን እየጫሩ ዞሩ። አንዷ ገመዱን ስታላላው መስመሩ ወደ ውስጥ ገባባት። ጓደኞቿ «ወጥሪው!» ብለው ጮኹ። ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት በሁሉም በኩል እኩል መሆን እንዳለበት እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

የቀረኝ ሬክታንግል ነው፤ አራቱም ጥጎቹ እንደ ደብተር ጥግ የሆኑ ባለ አራት ጎን ቅርጽ። «ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር ጎን ያለው» ብሎ ማስተማር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ካሬም የሬክታንግል ዓይነት ስለሆነ ከፍ ሲሉ ያን ትምህርት ማፍረስ ሊኖርባቸው ነው። ስለዚህ ነገ ደብተራቸውን ይዘው ክፍሉን እንዲዞሩ አደርጋለሁ። የደብተሩ ጥግ በአራቱም ጥጎቹ ላይ ልክ የሚገጥምለትን ባለ አራት ጎን ነገር ሁሉ ይፈልጋሉ፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ ሰሌዳውን። ካሬ የሆነ ነገር ካገኙም ከዝርዝሩ አላስወጣባቸውም።