54,000 ብሩ የት ገባ?

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ሰኔ 30 ሲቃረብ ሙቀቱም ሥራውም አንድ ላይ ይበረታል። አንድ ዓመት ታዲያ መዝገባችንን ከባንክ ጋር ስናመሳክር የአንዱ ወር ሽያጭ አልገጥም አለ። መዝገባችን 8,471,236 ብር ይላል። ባንክ የገባው 8,417,236 ነው። ጉድለቱ 54,000 ብር።

ሥራ አስኪያጁ ገንዘብ ያዧን አስጠራት። ገና አዲስ ልጅ ናት። "ወይ ትከፍያለሽ፣ ወይ በሕግ እንተያያለን" አላት። የደረሰኝ ጥራዞቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ዝም አለች።

"አቦ ቆይ እስቲ!" አለ ጋሼ የምንለው አንጋፋው ሒሳብ ሠራተኛ። "ሰው ከመክሰስህ በፊት ቁጥሩን ጠይቀው።"

ካልኩሌተሩን ሳብ አድርጎ 54,000ን ለ9 አካፈለ። 6,000 ወጣ፣ ምንም ሳይተርፍ። "አሃዝ ተገለባብጦ ይሆናል። አሥር ሺህ ቤትና ሺህ ቤት ላይ በ6 የሚበላለጡ ሁለት አሃዞች እዩ" አለን። መዝገቡ ላይ ቦታው የ7 እና የ1 ነው። የወሩን ማጠቃለያ ከፋይል አወጣን። 8,417,236 ይላል፣ ቁልጭ ብሎ። ወደ መዝገብ ሲዛወር 17 የነበረው 71 ሆኗል። ከመጀመሪያውም የጠፋ ብር የለም። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ሁላችንም ፊት ይቅርታ ጠየቃት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 7 ከአሥር ቤት ወደ አንድ ቤት ሲወርድ ከ70 ወደ 7 ይወርዳል፤ የቀነሰው 9 ጊዜ 7 ነው። 1 ደግሞ በተራው ወደ አሥር ቤት ሲወጣ 9 ጊዜ 1 ይጨምራል። ስለዚህ ልዩነቱ 9 ጊዜ 6፣ ማለትም 54 ነው። ቁጥሩ ሚሊዮንም ይሁን ቢሊዮን፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ከተቀያየሩ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። ካልኩሌተር ከሌለ የልዩነቱን አሃዞች መደመር ነው፤ 5 እና 4፣ 9። ድምሩ ለ9 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።

ነገር ግን ይሄ ፍርድ አይደለም። ዜሮ በስህተት ሲጨመርም ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል፤ 450 ብር 4,500 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 4,050 ነው። እንዲሁ በአጋጣሚም ከ9 ቁጥሮች አንዱ ለ9 ይካፈላል። ገንዘብ የወሰደ ሰውም 54,000 ሊወስድ ይችላል። ልጅቷን ነፃ ያወጣት የማጠቃለያው ወረቀት ነው፤ የ9 ዘዴው የት እንደምንፈልግ ብቻ ነው የጠቆመን። ለእኔ ግን ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሰው ስም ነው በመሀል ያለው።

የሚቆጨኝ መዝገባችን ላይ ራሱን የሚፈትሽ ቁጥር አለመኖሩ ነው። ደረቅ ወደቡ ላይ የሚራገፉትን ኮንቴይነሮች እዩ። ከአራቱ ፊደላት ቀጥሎ ስድስት አሃዝ አለ፤ ሰባተኛው ከፊተኞቹ ፊደላትና አሃዞች ተሰልቶ፣ ለ11 ተካፍሎ ከሚተርፈው የሚወጣ ነው። ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቢቀያየሩ አብዛኛውን ጊዜ ያ መጨረሻው ቁጥር አልገጥም ይላል። የባንክ ካርድም ተመሳሳይ መፈተሻ አለው፤ የአይቢኤም መሐንዲሱ ሃንስ ፒተር ሉን በ1960 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ስሌት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ልዩነት መጣ፤ 1,250 ብር። አሃዞቹ ሲደመሩ 8 ስለሚሆኑ ለ9 አይካፈልም። ገንዘብ ያዧ ራሷ ለ2 አካፈለችው፤ ዴቢት (የግራው ዓምድ) መግባት የነበረበት ክሬዲት (የቀኙ ዓምድ) ከገባ ልዩነቱ የብሩ እጥፍ ይሆናላ! 625 ብር ወጣ። ጥራዙን ስታገላብጥ የ625 ብር የነዳጅ ደረሰኝ አገኘች፤ በማይገባው ዓምድ ነበር የተመዘገበው።