ቤታችሁን ለማን ትሰጣላችሁ? ከሩቅ ሆናችሁ ለምታከራዩ

ሰሚት ያለውን ኮንዶሚኒየማችንን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚይዝልን አባዬ ነበር። ተከራይ ያስገባል፣ ኪራይ ይከታተላል፣ ቧንቧ ሲበላሽ ሠራተኛ ይዞ ይሄዳል። አሁን ጉልበቱን ያመዋል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። “ልጄ፣ በቃ ሌላ ሰው ፈልጊ” አለኝ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ብድግ ብዬ ሄጄ ቁልፍ የምቀበልበት ርቀት አይደለም።

እዚህ አካባቢ አዲስ አበባ ቤት ያለን ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን የኪራይ ዋጋ ነው። “አያት ስንት ገባ? ጀሞስ?” እንባባላለን። ቤቱን ስለሚይዘው ሰው ግን ብዙ አናወራም። እኔ ግን ከዋጋው የሚበልጠው ሰውየው ነው ብዬ አምናለሁ። መጥፎ ሰው እጅ ላይ የወደቀ ጥሩ ቤት ዕዳ ይሆናል። በተለይ የባንኩ ብድር ገና ላላለቀበት 20/80 ቤት፣ ኪራዩ ሁለት ወር ሲጓተት ክፍያው ከዚህ ከደመወዛችን ይወጣል።

ሰው ስፈልግ የያዝኩት መመዘኛ አንድ ነው። ሒሳብ ስጠይቀው የማላፍር፣ እሱም ሲጠየቅ የማይከፋው ሰው መሆን አለበት። ታማኝነት፣ ትጋት፣ ልምድ ሁሉም ያስፈልጋል። ግን “ደረሰኙን ላክልኝ” ማለት የምፈራው ሰው ከሆነ ታማኝ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?

ይህን ያየሁት እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ጀርመንታውን ውስጥ ቀድሞ የኖርንበትን ታውንሃውስ አከራይተናል። የሚያስተዳድርልን ድርጅት ከወር ኪራዩ 8 በመቶ ይወስዳል። በየወሩ አንድ ገጽ መግለጫ ይልካል። የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። የተጠገነ ነገር ካለ ደረሰኙና ፎቶው ተያይዞ ይመጣል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤት ለማከራየት ፈቃድ ይጠይቃል፣ የማሳደሻውን ጊዜ ቀድመው የሚያስታውሱን እነሱ ናቸው። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የተከራይ ማስያዣ ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስትወስን፣ እኛ ሳንጠይቅ ደብዳቤ ጻፉልን። ከሰዎቹ ጋር ዝምድና የለንም፣ ቡና አብረን ጠጥተን አናውቅም። አንዴ የቦይለር ጥገና ዋጋው በዛብኝ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ዝርዝሩን ላኩልኝ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለሰሚቱ ቤትም የተመኘሁት ይህንን ነው።

መጀመሪያ የተጠቆመልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እወደዋለሁ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ አምስት ሳንቲም አይነካም። ችግሩ እሱ ጋ አይደለም፣ በመካከላችን ያለው ይሉኝታ ነው። ዘመድ ክፍያ አይጠይቅም። በነፃ የሚሠራልህን ሰው ደግሞ “ለምን ዘገየህ?” አትለውም። አንድ ቀን ድንገተኛ ነገር ገጥሞት የወሩን ኪራይ ቢነካው “እህቴ ናት፣ ትረዳኛለች” ይላል። እውነቱን ነው፣ እረዳዋለሁ። የባንኩ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ደረሰኝ አጥብቄ ብጠይቅ ደግሞ በማግስቱ አክስቴ ትደውላለች። “ልጄን ሌባ አልሽው?” ለማለት። ያንን ስልክ አንስቼ ምን እመልሳለሁ? ስለዚህ ለአክስቴ ቀድሜ ራሴ ደወልኩ። “እትዬ፣ ልጅሽን ስለምወደው ነው በገንዘብ መሃል የማላስገባው” አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና “ይሁን፣ አንቺ ታውቂያለሽ” አለች። በበዓል ስደውል አሁንም እንደ ድሮው እንጫወታለን።

ሁለተኛው ደላላ ነው። ፈጣን ነው፣ አካባቢውን ያውቃል፣ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል። “እህቴ፣ አታስቢ፣ በየስድስት ወሩ ተከራይ እየቀየርኩ እጨምርልሻለሁ” አለኝ። ለእኔ ንግግሩ እዚያ ላይ አበቃ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ይህን ያላወቀ ወይም አውቆ የሚንቅ ሰው ወረዳ ላይ የሚያስቀጣው እኔን ነው፣ ውሉ ላይ ያለው የእኔ ስም ስለሆነ። ደግሞም ደላላ ገንዘብ የሚያገኘው ቤት በተከራየ ቁጥር ነው። ተከራይ ቶሎ ቶሎ ቢወጣ ይጠቀማል። እኔ የምጠቀመው ደህና ተከራይ ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ነው። ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም፣ ተከራይ ለማግኘት አሁንም ከደላላ የሚሻል የለም። ቤት መያዝ ግን ሌላ ሥራ ነው።

አንድ ድርጅትም አነጋግሬያለሁ። ቢሮው ያምራል፣ ሰዎቹ ትሑት ናቸው። ግን ኪራዩ በእነሱ ሒሳብ ገብቶ በየሦስት ወሩ ለእኔ እንዲተላለፍ ፈለጉ። አልተስማማሁም። ኪራዩ ከተከራዩ በቀጥታ ወደ እኔ የባንክ ሒሳብ ይገባል። የአስተዳዳሪውን ድርሻ የምከፍለው እኔ ነኝ። ገንዘብ በብዙ እጅ ባለፈ ቁጥር የሚጠየቀው ሰው ይበዛል። በመጨረሻ ተጠያቂ ይጠፋል።

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ “ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ግብሩ ይቀንስልሻል” አለኝ። ደግ የዋለልኝ መስሎት ነው። ለመንግሥት የውሸት ቁጥር የሚጽፍ ሰው ለእኔም ሊጽፍ ይችላል። ከዚያም አልፎ ተከራይ ቢከዳኝ ፍርድ ቤት የማቀርበው ያንኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው።

በመጨረሻ ያገኘኋት ሴትዮ እዚያው ሳይት ውስጥ የምትኖር፣ ቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረች ናት። ውጭ አገር ያሉ ሰዎችን ቤቶች ትይዛለች። ስንነጋገር መጀመሪያ የጠየቀችው እሷ ናት። “ካርታው በማን ስም ነው? የባንክ ዕዳ አለበት? የመጨረሻው ተከራይ የውሃ ዕዳ ጥሎ ሄዷል ወይ?” ስለ ክፍያዋ ያነሳችው መጨረሻ ላይ ነው።

“ሳንዋዋል ቤቱን ልየው” አለችና አባዬ ቁልፍ ሰጣት። በዚያው ቀን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከች። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። የሽንት ቤቱን ታንከር ክዳን አንስታ አሳየች። ወጥ ቤት ገብታ ከሲንኩ ሥር በስልኳ መብራት አበራች። ካቢኔው ሥር ያለው እንጨት አብጦ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። በጣቷ ነካ አድርጋ “ይኼ የዛሬ እርጥበት አይደለም” አለች። ከዚያ ያደረገችውን ማንም አላደረገም። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደችና በር አንኳኳች። የከፈቱላት እናት “እኔማ ስንት ጊዜ ተናገርኩ!” እያሉ ኮርኒሳቸውን አሳዩ። ቢጫ ክብ ወጥቶበታል። እኔ አራተኛ ፎቅ ቤት እንዳለኝ አውቃለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀየሙኝ ጎረቤት እንዳሉ ግን አላውቅም ነበር። ማታ የጥገናውን ዝርዝር ጻፈችልኝ። የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ የእጅ ዋጋ፣ የጎረቤቷን ኮርኒስ መቀባት። የመጨረሻውን “ግዴታችን ነው” ብላ ነው የጻፈችው።

ምስክርም ጠይቄያለሁ። ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህት አለች፣ ቤቷን የምትይዝላት ይህችው ሴትዮ ናት። “ጎበዝ ናት ወይ?” ብዬ አልጠየቅኳትም፣ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው “አዎ” ነው የሚለው። የጠየቅኳት “የመጨረሻው ተከራይ ሲወጣ ምን ሆነ?” ብዬ ነው። ሰውየው በር ሰብሮ፣ የጥበቃ መዋጮ ሳይከፍል ሊወጣ ሲል፣ ሲገባ የተነሱትን ፎቶዎች አውጥታ ከማስያዣው ላይ እንዳስቀነሰችና የቀረውን እዚያው በባንክ እንደመለሰችለት ነገረችኝ። የአስተዳዳሪ ችሎታ የሚታየው ተከራይ ሲወጣ ነው። ሲገባማ ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል።

አሁን ወደ ውክልናው ልምጣ። እባካችሁ ይህን በጥንቃቄ አንብቡት።

ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ሄደን የምንፈርመው ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል፤ ሁላችንም ውልና ማስረጃ የምንለው ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ጓደኛው የተጠቀመበትን ጽሑፍ ተውሶ ስም መቀየር ነው። እኔም አንድ ተሰጥቶኝ ነበር። መሃሉ ላይ “ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ” ይላል። ለሚያከራይ ሰው ይህ ምን ያደርጋል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ቁጥር 2204ን እዩ። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ግን ቀጥሎ ባለው ቁጥር መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ሕጉ በሩን ዘግቶልን ሳለ በገዛ ፊርማችን የምንከፍተው እኛ ነን። አዲሱ አዋጅ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት ውልም ከሦስት ዓመቱ በታች ስለሆነ፣ ለማከራየት ተጨማሪ ሥልጣን መስጠት አያስፈልግም።

የእኔ ውክልና ሥራዎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የኪራይ ውል መፈረም፣ ወረዳ ማስመዝገብ፣ ውሃና መብራት ላይ ስለ እኔ መቅረብ፣ በሕንፃው ማህበር ስብሰባ መገኘት፣ የኪራይ ገቢ ግብርና የጣሪያና ግድግዳ ግብር መክፈል። ከዚያ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝና ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት እንደማይቻል በግልጽ ተጽፏል። ሴትዮዋ ረቂቁን አንብባ “እንዲህ ሲሆን እኔም እፎይ ብዬ እሠራለሁ” አለች። ቅር ብሏት ቢሆን ኖሮ እኔም እጄን እሰበስብ ነበር።

ከውክልናው ሌላ በመካከላችን አጭር ስምምነት አለ። የምትወስደው ከገባው ኪራይ 10 በመቶ ነው። ቤቱ ባዶ ከሆነ ክፍያ የለም። ይህ ለእሷ ከባድ እንዳይሆን ተከራይ ስታስገባ ለብቻው የተወሰነ ገንዘብ አስበንላታል። እስከ 5,000 ብር የሚደርስ ጥገና ሳትጠይቀኝ ታሠራለች። ከዚያ በላይ ከሆነ ፎቶ ልካ ትጠብቀኛለች። እኔም በአንድ ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለብኝ። ይህን የመጨረሻውን ያስገባችው እሷ ናት፣ ልክ ናት። እኛ ባለቤቶች ሥራ ላይ ነን እያልን ሰው ቧንቧ እየፈሰሰበት እናስጠብቃለን።

ተከራይ ሲገባ ቤቱን በቪዲዮ ትቀርጻለች። የመብራት ካርዱን ቀሪ ሒሳብና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ውሉ ጀርባ ላይ ትጽፍና ተከራዩም ይፈርማል። በየወሩ የሚመጣልኝ መግለጫ ከሜሪላንዱ ያንሳል እንጂ ሥራው ያው ነው። ደረሰኝ የማይገኝለት ነገር አለ፣ ለምሳሌ የቀን ሠራተኛ። ለዚያ የሠራተኛው ፊርማና የተሠራው ነገር ፎቶ ይበቃኛል። የሐምሌው ግብር ሲከፈል ግን ደረሰኙን ወዲያው እፈልጋለሁ።

መለያየትንም ጽፈንበታል። ሁለታችንም በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ማቆም እንችላለን። ውክልና በፈለጉት ጊዜ መሻር ይቻላል፣ ነገር ግን ኤምባሲ ፈርሞ መመለስ ብቻውን አይበቃም። መሻሩ ውልና ማስረጃ መድረስ አለበት፣ ዋናው ሰነድ ከተወካዩ እጅ መመለስ አለበት፣ ተከራዩም በጽሑፍ ማወቅ አለበት። ያለበለዚያ ሰውየው ሳያውቅ ከቀድሞው ወኪል ጋር መዋዋሉን ይቀጥላል። እኛ ሦስቱንም እያንዳንዱን በየትኛው ቀን ማን እንደሚያደርገው ስምምነቱ ውስጥ አስገብተናል። የቁልፎቹ ዝርዝርም አብሮ አለ፦ የዋናው በር ሁለት፣ የመኝታ ቤት ሁለት፣ የመብራት ቆጣሪው ሳጥን አንድ።