ቆጋ ግድብ ዳር ተቀምጦ ዳክዬ መቁጠር

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሳሁ። መራዊ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ቆጋ ግድብ። ጎሕ ሲቀድ ግድቡ አናት ላይ ቆሜያለሁ፤ አንገቴ ላይ የተዋስኩት ባይኖኩላር፣ ኪሴ ውስጥ ቆሎ። ውሃው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ። ፀሐይ ከወጣች በኋላም ከነጥብነት አላለፉልኝም።

ችግሩ የቆምኩበት ቦታ ነበር። ከግድቡ ላይ ሲያዩት ውሃው ወደ ደቡብ ይዘረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትውለው። ከዚያ ላይ የሚመለከት ሰው ከፀሐይ ጋር ይፋጠጣል፤ የወፉ ቀለም ጠፍቶ ጥላው ብቻ ይቀራል። አሁን ጠዋት ጠዋት የምቀመጠው በምሥራቁ ዳርቻ ነው፣ ፀሐይን ለጀርባዬ ሰጥቼ።

ያን ቀን ግን ይህን አላወቅኩምና ቀረብ ብዬ ልያቸው ብዬ፣ ነጭ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወደ ውሃው ወረድኩ። መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ መንጋው በአንድ ጊዜ ተነሳ። የክንፋቸው ድምፅ ድንገት እንደወረደ ዶፍ ነበር። ሁለት ጊዜ ዞረው ወደማዶው ዳርቻ ሄዱ። አጠገቡ ዳጉሳ የሚያጭዱ አንድ አባት ከሥራቸው ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እኛ ከነከብታችን ስንመላለስ ንቅንቅ አይሉም። ነጩ ጋቢህ ነው ያሳበቀብህ» አሉኝ። እሳቸው እንደ አካባቢው ገበሬ አረንጓዴ ለብሰዋል።

በጣም አዘንኩ። እነዚህ ወፎች ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ተነስተው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በርረው የመጡ ናቸው። በመንገድ ያለቀውን ስባቸውን የሚመልሱት እዚህ በልተውና አርፈው ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ለመመለሻው ጉዞም ስንቃቸውን የሚይዙት ከዚሁ ነው። ሰው ባስነሳቸው ቁጥር ከዚያ ስንቅ ላይ ይቀነሳል። ዓይናቸው በራሳቸው ግራና ቀኝ ስለሆነ ዙሪያቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያያሉ፤ ከኋላቸው ተደብቆ መቅረብ የሚባል ነገር የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር አረንጓዴ ጃኬት ለብሼ፣ ገና ሳይነጋ ውሃው ዳር ከበቀለው ፊላ ጥግ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ አልተነሳሁም። ከባዱ ነገር ይህ ነው። ብርዱ እግር ያደነዝዛል፤ እስትንፋስ የባይኖኩላሩን መስታወት ያደበዝዛል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ከውሃው መካከል የነበሩት ቀስ በቀስ እየቀዘፉ ወደ ዳር መጡ። ሄጄባቸው ያጣኋቸውን ተቀምጬ አገኘኋቸው።

በቅርብ ካየኋቸው ሁሉ የማልረሳው ስምንት ሾቭለሮችን ነው። ሾቭለር ምንቃሩ እንደ ማንኪያ ጫፉ ላይ የሰፋ ዳክዬ ነው። ስምንቱ አንዱ ከሌላው ጅራት ሥር ራሱን አስገብቶ፣ ምንቃሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። የፊተኛው በእግሩ ያናወጠውን ውሃ የኋለኛው ያጣራል። በምንቃራቸው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ዘንጎች አሉ፤ ውሃው ሲወጣ ጥቃቅኑ ነፍሳትና ዘሩ ይቀራል፣ ልክ እንደ ወንፊት። ሃያ ደቂቃ ያህል ዞሩ። አንድም ቀና ያለ አልነበረም።

ዝርያን መለየት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። የወፍ መጽሐፍ ገዝቼ ሥዕሉን ከማየው ጋር ባስተያይ አልገጥም አለኝ፤ ሁሉም ቡናማ ናቸው። ምክንያቱን ቆይቼ ነው ያወቅኩት። ወንድ ዳክዬ የመራቢያው ወቅት ሲያበቃ ያሸበረቀ ላባውን ጥሎ ሴቷን የሚመስል ላባ ያበቅላል፤ ጌጡ የሚመለሰው እንደየዝርያው በተለያየ ጊዜ ነው። ፒንቴይል የሚባለው ዳክዬ ጌጡ ቶሎ ይመለስለታል፤ በኅዳር ብዙዎቹ ወንዶች ቡናማ ራሳቸውን፣ በአንገታቸው ጎን ሽቅብ የሚወጣውን ነጭ መስመርና ሹል ጅራታቸውን ይዘዋል። ጋርጋኒ የምትባለው ትንሿ ዳክዬ ግን፣ ወንዱ እስከ ጥር፣ አንዳንዴም እስከ የካቲት፣ የሴት እንደለበሰ ይቆያል። ስለዚህ ላባውን ትቼ የምንቃሩን ቅርጽና የአንገቱን ርዝመት አያለሁ፤ ሲበር ደግሞ ክንፉን፤ የክንፍ ቀለም አይዋሽም። የወንዱ ጋርጋኒ የክንፍ ፊት ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ካልለየሁት «ያልታወቀ ዳክዬ» ብዬ እጽፋለሁ እንጂ በግምት ስም አልሰጥም።

ስለ ውሃው ከፍታ የነገረኝ ሰው የለም፤ በሦስተኛው ዓመቴ ነው የገባኝ። ቆጋ ለመስኖ የተሠራ ነው፤ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ። ከክረምቱ በኋላ ሞልቶ ይቆያል፤ ከዚያ ስንዴው፣ ሽንኩርቱና ድንቹ በቦይ ውሃ መጠጣት ሲጀምሩ ዳሩ እየሸሸ ጭቃ ይወጣል። የእኛ ዳክዬዎች አብዛኞቹ ጠልቀው የሚያድኑ አይደሉም፤ ጅራታቸውን ሰማይ ላይ አድርገው አንገታቸው የደረሰበትን ያህል ነው የሚበሉት። ውሃው ጢም ብሎ ሲሞላ ዳሩ ወዲያው ይጠልቅባቸውና ይበታተናሉ፤ ሲጎድል አዲስ በተገለጠው ጭቃማ ዳርቻ ይሰበሰባሉ። እንግዲህ ውሃው ውስጥ ቆሞ የቀረ አንድ የደረቀ ግንድ አለ፤ በሄድኩ ቁጥር ውሃው ግንዱን የት እንደደረሰ እጽፋለሁ። ከዚህ በፊት ማስታወሻዬ ላይ የነበረው «ብዙ ዳክዬ አየሁ» የሚል ነበር፤ ዛሬ ሳነበው ምንም አይነግረኝም። አሁን ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የግንዱን ምልክትና ቁጥሩን እጽፋለሁ።

ለቁጥሩ የማደርገው ይህን ነው፦ አሥር ወፍ አንድ በአንድ ቆጥሬ የያዙትን ስፋት በዓይኔ እይዛለሁ፣ ከዚያ በዚያ ስፋት መንጋውን እሰፍራለሁ። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ እንደገና።

አንድ እረኛ ልጅ ነበር፣ አጠገቤ ጅራፉን እያጮኸ የሚያስነሳብኝ። ከመቆጣት ይልቅ ባይኖኩላሩን ሰጠሁት። የሾቭለሩን ምንቃር ባየ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው አጠገብ ጅራፍ አጩሆ አያውቅም። የጭቃውን ዳር ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል።

ባለፈው ታኅሣሥ አመሻሽ ላይ አብረን ተቀምጠን ሳለ ድምፃቸውን የሰማው እሱ ነው። ክሬን የሚባሉት ረጅም አንገትና እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች ነበሩ፤ አንገታቸውን ወደፊት፣ እግራቸውን ወደኋላ ዘርግተው፣ የሰው መለከት የመሰለ ድምፅ እያሰሙ መጡ። ቀን በታጨደው ማሳ ውስጥ የረገፈ እህል ሲለቅሙ ውለው ለማደር ስስ ውሃ ውስጥ ይቆማሉ፤ አውሬ ቢመጣ የውሃው ድምፅ ይነግራቸዋል። አንድ በአንድ ሲያርፉ ቆጥሬ 46 ብዬ ጻፍኩ።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ከፊላው ጀርባ ወርደዋል፤ አላየሃቸውም» አለኝ።

ባይኖኩላሩን ወደዚያ አዞርኩ። ከፊላው በላይ ሁለት አንገቶች ብቅ ብለዋል። 46ን ሰርዤ 48 ጻፍኩ።