ከደብረ ብርሃን ሆኜ የአክስቴን ሞደም ከኪራይ እንዴት እንዳወጣሁ

እትዬ የኢንተርኔት ሂሳባቸውን ፎቶግራፍ አንስተው የላኩልኝ ስለ ሞደም ሊጠይቁኝ አልነበረም። ክፍያው በየጊዜው ለምን እንደሚጨምር እንድነግራቸው ፈልገው ነው። እትዬ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው፤ ሜሪላንድ መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ስልክ የምጠግን፣ ዲሽም የምተክል ሰው ነኝ። በቤተሰባችን ዘንድ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይላካል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን።

ፎቶግራፉን አጉልቼ ሳነብ ከታች አንዲት መስመር አየሁ። የመሣሪያ ኪራይ፣ 14 ዶላር።

«እትዬ፣ ይህ የምን ኪራይ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፤ ሁልጊዜም አለ።»

«ቤቱ ውስጥ የእርስዎ ያልሆነ ዕቃ ምን አለ?»

ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄዱ። ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ጥቁር ሳጥን አረንጓዴ መብራቱን እያርገበገበ ተቀምጧል። ወደዚያ ቤት ከገቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኢንተርኔቱን ከገመዱ ተቀብሎ ወደ ቤት የሚያስገባው ሞደም ይህ ሳጥን ነው፤ ያመጣው የኢንተርኔት አቅራቢው ሠራተኛ ነው። 72 ወር በ14 ሲባዛ 1,008 ዶላር ይሆናል። ቁጥሩን ስነግራቸው እትዬ የመንዝ ልጅነታቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን በሰው በሬ ስናርስ ኖረናል በለኛ!» አሉ።

የራሳቸውን እንዲገዙ ያን ቀን ተስማማን። እኔ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ይሆናል ብዬ ነበር። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ወሰደ።

መጀመሪያ ራሴ መማር ነበረብኝ፤ ኬብል ሞደም የሚባለውን ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅምና። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚያገኘው ቀድሞ ለኬብል ቴሌቪዥን በተዘረጋ ኮአክሲያል ገመድ ነው። ገመዱ እኛ ከዲሽ ወደ ሪሲቨር የምንስበው ዓይነት ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ወፍራም ሽቦ፣ ዙሪያውን መረብ፣ ጫፉ ላይ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ኮኔክተር አለው። ይህን ሳይ ልቤ ትንሽ አበጠ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ያጠበቅሁት ኮኔክተር ነው። ሞደሙና የአቅራቢው ጣቢያ የሚነጋገሩበት ደንብ ዶክሲስ ይባላል። የመጀመሪያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ወጣ፤ 3.0 የተባለው በ2006፣ 3.1 ደግሞ በ2013 ተከተሉ። ሞደም ሲገዛ ከመልኩም ከስሙም በፊት የሚታየው ይህ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። «ዶክሲስ 3.0 ይበል እንጂ ማንኛውም ይሆናል» አልኋቸው። እትዬ ደግሞ ቁጠባ ከተባለ የሚቀድማቸው የለም። በማግስቱ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ20 ዶላር አንድ ሞደም ገዝተው በቪዲዮ አሳዩኝ። አቧራው ተጠርጓል፤ ሳጥኑም ዳንቴል ለብሷል።

እያንዳንዱ ሞደም ማክ አድራሻ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ከጀርባው ተለጥፎበታል። አቅራቢው ያንን መለያ በደንበኛው ስም መዝግቦ ካልፈቀደለት በስተቀር ሳጥኑ ገመዱ ላይ ቢሰካም ኢንተርኔት አያገኝም። እትዬ ደውለው መለያውን ሲያነቡ ሰማሁ፤ ቢን ከዲ፣ ዲን ከኢ እያሳሳቱ ሦስት ጊዜ ደገሙት። በመጨረሻ የወዲያኛው ሰው ሳጥኑ በሌላ ደንበኛ ስም እንደተመዘገበ፣ ያ ሰው ካላስለቀቀው ሊመዘገብ እንደማይችል ነገራቸው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አንድዬ ይወቅ። መሸጫውም የወሰደውን አይመልስም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ቅዳሜ በንባብ አሳለፍሁ። አቅራቢዎቹ የትኛው ሞደም በመስመራቸው ላይ እንደሚሠራ፣ እስከ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈቀድለት የሚገልጽ ዝርዝር አላቸው። የሚገዛው ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ዕቃውም በእርግጥ አዲስ መሆን አለበት። የእትዬ ውል በሰከንድ 300 ሜጋቢት ነው። ለዚህ 16 የመቀበያ ቻናል ያለው ጥሩ 3.0 ሞደም ይበቃ ነበር፤ ዋጋውም ግማሽ ነው። እኔ ግን 3.1 እንዲሆን ገፋሁ። አሮጌው ትውልድ ዛሬ ቢፈቀድ ነገ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ እንደገና መግዛት ነው። ሞደሙ 150 ዶላር ሆነ። ዋይፋይ ስለሌለው፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ለብቻው በ60 ዶላር ተገዛ። የተከራዩት ሳጥን ሁለቱንም ሥራ አንድ ላይ ይሠራ ስለነበር እትዬ ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጠሩት። «አንድ ሳጥን አስወጥተህ ሁለት አስገባህብኝ» አሉ። 210 ዶላርን ለ14 አካፍዬ በ15 ወር ወጪያቸውን እንደሚመልሱ ካሳየኋቸው በኋላ ነው የተረጋጉት። እኔ አሁንም ለየብቻ መግዛቱን እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱን አትጥልም።

የሚገጠምበት ቀን መጣ። እነሱ ጋር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ብርዱ ደግሞ የሚታወቅ ነው። ባናዬን ተከናንቤ፣ 18 በመቶ ቻርጅ በቀረው ስልክ ሱቄ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

«በሉ እትዬ፣ የድሮውን ይንቀሉት።»

ነቀሉት። እትዬ ሳጥኑን ከግድግዳ ሲነቅሉ እኔም አብሬ ተነቀልሁ። የምንነጋገርበት ስልክ በዚያው ሳጥን ዋይፋይ ላይ እንደነበረ ሁለታችንም አላሰብነውም። ለሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ እሳቸው በወዲያኛው ዓለም ምን እየነካኩ ይሆን እያልሁ ተጨነቅሁ። በኋላ የጎረቤት ልጅ የስልካቸውን ዳታ ከፍታላቸው ተመለሱ። ይህን የሚሠራ ሰው በስልኩ ዳታ መደወሉን፣ የአቅራቢውንም ስልክ ቁጥር በወረቀት መጻፉን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

አዲሱ ተሰካ፤ መለያው ተነበበ፤ በዚህ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ተመዘገበ። መብራቱ ጸና። እልል ልል ስል እትዬ አንድ ቀጭን ገመድ ይዘው ካሜራው ፊት አቀረቡ።

«ይህንንስ ልጄ፣ ስልኩን የት ልሰካው?»

የቤት ስልክ እንዳላቸው ጭራሽ አልጠየቅሁም። በኬብል መስመር የሚሠራ የቤት ስልክ በሞደሙ በኩል የሚያልፍ ነው፤ ለእሱ የተሠራ ሞደም ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። የገዛነው የስልክ ቀዳዳ የለውም። በዚያ ስልክ ማን እንደሚደውል ስጠይቃቸው፣ ከማስታወቂያ ሌላ የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች ብቻ መሆናቸው ታወቀ። ስልኩን ለማቋረጥ መወሰን፣ ለማኅበርተኞቹም አዲሱን ቁጥር አንድ በአንድ ማዳረስ ከሞደሙ ይልቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሳ ሥራ ሆነ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ግን የእኔ ሙያ ነበር። በቀን አራት አምስት ጊዜ ኢንተርኔቱ እየጠፋ ይመለስ ጀመር። አቅራቢው ሞደሙ የራስዎ ስለሆነ ችግሩም የራስዎ ነው አለ። መቼም ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ኪራይ ስትከፍል የምትገዛው ሳጥኑን ብቻ አይደለም፣ «መጥታችሁ እዩልኝ» የማለትን መብትም ጭምር ነው። ስለዚህ ራሴ አየሁት። ብዙዎቹ ኬብል ሞደሞች 192.168.100.1 በሚል አድራሻ የሚከፈት የራሳቸው ገጽ አላቸው። እትዬ በኮምፒውተራቸው ከፍተው ፎቶግራፉን ላኩልኝ። የሚመጣው ምልክት ጉልበት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ሚሊቮልት ይላል። ከዜሮ በላይም በታችም ከ7 ባያልፍ ይመረጣል።

ዲሽ ሲተከል ምልክት ከደከመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስፕሊተር፣ ማለትም አንዱን ገመድ ለብዙ የሚያካፍለው ማገናኛ ነው። «ገመዱን ከግድግዳው ጀምረው ያሳዩኝ» አልኋቸው። ከሶፋው ጀርባ አንድ፣ ኮሪደሩ ላይ ሌላ ስፕሊተር ተገኘ፤ የቀድሞው ባለቤት በየክፍሉ ለነበረው ቴሌቪዥን የተከላቸው ናቸው። ቴሌቪዥኖቹ ከተነሡ ስንት ዘመናቸው፤ ስፕሊተሮቹ ግን ምልክቱን ለማንም እያካፈሉ ቀርተዋል። ለሁለት የሚያካፍል ስፕሊተር ወደ 3.5 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ ሁለቱ ተደምረው 7 ማለት ነው። ሁለቱንም አስነቅዬ ገመዱን በአጭር ማገናኛ ቀጠልነው። ገጹ እንደገና ሲከፈት ከዜሮ በታች 5 አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። በዚህ ጉዳይ ሁሉ ውስጥ በልበ ሙሉነት የምኮራበት ሥራ ይህ ነው።

የድሮውን ሳጥን ስለ መመለስ ግን ያለ እኔ ዕውቀት በእናቴ ምክር ተረፍን። እናቴ ወረቀት አይጥሉም፤ የ1980ዎቹ የግብር ደረሰኝ እንኳ እሳቸው ዘንድ አለ። እትዬ ሳጥኑን ከነገመዱ፣ ከነአዳፕተሩ ወስደው ሲያስረክቡ፣ መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ እንዲቀበሉና ወዲያው ፎቶግራፍ አንስተው እንዲልኩ ያዘዟቸው እናቴ ናቸው። በቀጣዩ ወር 14 ዶላሩ እንደገና ተጠየቀ። በሚቀጥለውም ወር ተጠየቀ። ሳጥኑ አልተመለሰም ተብሎ ዋጋውን የማስከፈል ሐሳብም ነበር። አሜሪካ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጣ ሕግ፣ ደንበኛው የራሱን መሣሪያ እየተጠቀመ አቅራቢው የመሣሪያ ኪራይ እንዳያስከፍለው ይከለክላል፤ ይህን ለእትዬ በእንግሊዝኛ ጽፌ ላክሁላቸው። በእርግጥ ነገሩን የጨረሰው ሕጉ ይሁን ደረሰኙ አላውቅም። እናቴ ደረሰኙ ነው ይላሉ። የሁለቱም ወር ገንዘብ ተመለሰ።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ስለተሰማ አሁን «እኔም የራሴን ሞደም ልግዛ» እያሉ የሚመጡ ደንበኞች አሉ። እኛ ዘንድ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር ስለሌለ ከላይ ያወራሁት ሞደም አይሠራም። ለማንኛቸውም የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቤትዎ የሚገባው ምንድን ነው? የስልክ መዳብ ሽቦ ከሆነ የኤዲኤስኤል ሞደም ይገዛል፤ ዋናው ነገር የመስመሩን ቅንብር፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከአገልግሎት ሰጪው ማግኘት ነው። ያ ወረቀት ከጠፋ ውድ ሞደም ጌጥ ነው። ፋይበር ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን በመለያ ቁጥሩ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ የተመዘገበ ነው፤ ከመርካቶ ተመሳሳዩን ገዝቶ መቀየር አያዋጣም። ዋይፋዩ ደክሞ ጓዳ አልደርስ ካለ ግን ከሳጥኑ ኋላ የራስን ራውተር መጨመር ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚፈልገውም በእርግጥ ይህንኑ ነው። በሲም የሚሠራ ራውተር የሚገዛ ደግሞ ለአንድ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ አለመሆኑን ሱቁ ውስጥ ሲሙን ከትቶ ይሞክር፤ ቤት ወስዶ አይሞክር።

የ20 ዶላሩ ሞደም ነገር ቀረ። እትዬ ለጥምቀት ለመጣ ሰው አስይዘው «ለአንተ ይሁንህ፣ ለሱቅህ» ብለው ላኩልኝ፤ ከነዳንቴሉ። እንደማይሠራ እያወቅሁ ተቀበልሁ፤ የእትዬ ስጦታ አይመለስም። አዳፕተሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ተብሎ መጻፉን አንብቤ ከፍ አድርጌ አስቀምጬው ነበር። የእህቴ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ፣ መብራቱን ለማየት ብሎ ከእኛው 220 ቮልት ጋር አገናኘው። ጭሱ እስከ ጎረቤቱ ሻይ ቤት ደረሰ። ሳጥኑ ራሱ ምንም አልሆነም፤ መደርደሪያው ላይ አለ፤ በሳምንት አንድ ሁለት ሰው ዋጋውን ይጠይቀኛል።