ሳይነካ የሚጮኸው ቬንትሌተር

በግንቦት ወር ድሬዳዋ ውስጥ የጣሪያ ቬንትሌተር የሌለው ክፍል እንቅልፍ አይሰጥም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ካሉት ፔንሲዮኖች የአንዱ ባለቤት የሆኑ ሴት ደውለው እንግዶቻቸው በዚያው ቬንትሌተር ምክንያት ክፍል ቀይሩልን እያሉ እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ ያስቸገራቸው ሙቀቱ ሳይሆን ጩኸቱ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት መጠየቅ ነበረብኝ። ክፍሎቹ በስልክም በሪሞትም የሚታዘዝ አዲስ መቆጣጠሪያ ተገጥሞላቸዋል፤ መቆጣጠሪያው ትእዛዝ በተቀበለ ቁጥር «ጢጥ» ይላል። «አቦ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ይቺን ድምፅ ብቻ ዝም አሰኝልኝ» አሉኝ።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት መሰላሉን ሳይዘረጋ መፍትሔውን አዘጋጅቶ ነበር። «ጋሼ፣ የምትጮኸዋን ዕቃ ከቦርዱ ላይ ነቅለን እንጣላት» አለኝ። ሐሳቡ ስሕተት አይደለም፤ እኔ ግን ድምፁ መቼ እንደሚሰማ አስቀድሜ ማወቅ ፈለግሁ። ባለቤቷ እንደነገሩኝ፣ ቅሬታው የሚመጣው ሌሊት ተኝተው ሪሞት ሳይነኩ ከነቁ እንግዶች ነው። ሲታዘዝ ብቻ የሚጮኽ ዕቃ ማንም ሳይነካው ከጮኸ፣ ከአንድ ቦታ ትእዛዝ እየደረሰው ነው ማለት ነው። የስልኩን መተግበሪያ ከፍቼ በሰዓት የተያዘ ትእዛዝ እንደሌለ አረጋገጥሁና፣ ቅሬታ በበዛበት ክፍል ቆሜ ወጣቱን ከአጠገቡ ያለውን ክፍል ሪሞት እንዲጫን ላክሁት። ከራሴ በላይ ያለው ቬንትሌተር «ጢጥ» አለና ፍጥነቱን ጨመረ። የተኛው እንግዳ ድምፁን ሰምቶ ሲነቃ፣ የነፋሱን መለወጥ ግን ልብ አላለውም።

የቴሌቪዥን ሪሞት ብርሃን ስለሚልክ ግድግዳ ያግደዋል፤ ይህኛው ግን በ433 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ በመሆኑ ግድግዳ ዘልቆ ያልፋል። መቆጣጠሪያው የሚታዘዘው ለተዋወቀው ሪሞት ብቻ ስለሆነ፣ ይህ በራሱ ችግር አይፈጥርም። ትውውቁ የሚከናወነው ኃይል ካገኘ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የሪሞቱን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ብሬከር ሥር ስለነበሩ፣ የገጠመው ባለሙያ ብሬከሩን ባበራ ጊዜ ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች ለትውውቅ ተከፍተው ያንኑ ሪሞት ተቀብለዋል። ቤቱ የቆየ በመሆኑና ክፍሎቹ በኋላ በመከፋፈላቸው፣ መስመር መጋራቱ የሚያስገርም አልነበረም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥርም ይኸው በር ስለሚከፈት፣ በጨለማ ሪሞት ተጭኖ የሚይዝ እንግዳ ሳያውቅ ሌላ ክፍል ሊቆጣጠር ይችላል።

የቀድሞውን ትውውቅ ሰርዘን፣ የአንደኛውን ክፍል ቬንትሌተር በግድግዳው ማጥፊያ ዘግተን ሌላውን ከገዛ ሪሞቱ ጋር አስተዋወቅነው፤ ከዚያም በተራው የዘጋነውን። የሌሊቱ ጩኸት በዚህ ቆመ።

ይሁንና ባለቤቷ የጠየቁት ዝምታ እንጂ የሬዲዮ ትምህርት አልነበረም፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር። አንድ ክፍል ከሚጋሩት አንዱ ሌሊት ፍጥነቱን ሲቀንስ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ከሌላው ይበልጥ አጥርቶ ስለሚሰማ፣ የእነዚህ ዕቃዎች ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በዚያው ክልል ውስጥ ነው። ድምፁን በመተግበሪያው ውስጥ ለማጥፋት የሚፈቅዱ መቆጣጠሪያዎች አሉ፤ ይህ ግን አልነበረውም። ስለዚህ መክፈት ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ ወጣቱን ጠበቅ አድርጌ ተናገርሁት። በእንደዚህ ዓይነቱ ቦርድ ላይ አነስተኛ ቮልት የሚባለው ክፍል ብዙ ጊዜ ከ220 ቮልቱ ያልተለየ ስለሆነ፣ ኃይል እያለው በጣት መንካት መስመሩን እንደመንካት ነው። የግድግዳው ማጥፊያም አይታመንም፤ በአሮጌ ቤቶች ማጥፊያው አንዳንድ ጊዜ በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ ተገጥሞ ስለሚገኝ፣ ቬንትሌተሩ ቆሞም መስመሩ ሕያው ሊሆን ይችላል። ብሬከሩን አጥፍተን፣ በቴስተር አረጋግጠን፣ ካፓሲተሮቹም የያዙትን ኃይል እስኪለቁ ጠብቀን ክዳኑን ከፈትን።

የምትጮኸው ዕቃ አናቷ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ጥቁር ክብ ናት። ከመንቀል ይልቅ ቀዳዳዋን በደራረብነው ፕላስተር ደፈንነው፤ ድምፁ አልጠፋም፣ ነገር ግን ከአልጋ ላይ ሆኖ የሚሰማው ጆሮ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ይህን የመረጥሁት ቬንትሌተር ፍጥነቱን የሚለውጠው ቀስ ብሎ በመሆኑ ነው፤ ምንም ምላሽ ያላገኘ እንግዳ ደጋግሞ ይጫንና ያልፈለገው ፍጥነት ላይ ያደርሰዋል። ሪሞት ሲተዋወቅ የሚነግረንም ያው ድምፅ ነው።

ባለቤቷ ከሥሩ ቆመው ሪሞቱን ተጫኑ፣ አዳመጡ፣ እንደገና ተጫኑ። «ለሌሎቹም እንዲሁ አድርግ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወጣቱ በብሬከሮቹ ሳጥን ላይ የትኛው ብሬከር የትኞቹን ክፍሎች እንደሚይዝ ሲጽፍ፣ መስመር የሚጋሩ ሌሎች ክፍሎችም ተገኙ፤ የእነዚያንም ሪሞቶች ለየብቻ ካስተዋወቅን በኋላ ነበር ፕላስተር የለጠፍንላቸው።