ጨቅላም ያመዋል

ዛሬ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍላችን አንዲት ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ የመተንፈሻ ቱቦ ያስፈልጋት ነበር። የትኛውን ማደንዘዣ እንስጣት ተባለ። ፕሮፖፎል ቶሎ ያስተኛል፣ ግን የደም ግፊት ያወርዳል። ፌንታኒል ሕመሙን ይይዛል፤ በፍጥነት ከተገፋ ግን የደረት ጡንቻ ግትር ይልና አየር አላስገባ ይላል። ፌንታኒሉን መረጥን። ነርሷ ሰዓቷን እያየች ቀስ አድርጋ ሰጠቻት። ጭብጥ ያለው የሕፃኗ እጅ ሲፈታ አየሁ፤ ቱቦውም ሳያስቸግር ገባ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ ፕሮፖፎልን ከሱፌንታኒል (የፌንታኒል ዘመድ የሆነ ሕመም ማስታገሻ) እና ከአትራኩሪየም (ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት) ጥምር ጋር ያወዳደረ ጥናት አሸናፊ አልለየም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እስከ 1980ዎቹ ብዙ ሐኪሞች ጨቅላ ሕመም አይሰማውም ብለው ማመናቸው ነው። ዛሬም ጊዜ እያለ ያለማስታገሻ ቱቦ የሚገባላቸው አሉ።

ኬታሚን የተባለውን ሌላ ማደንዘዣ የምትጠቀሙ ባልደረቦቼ፣ የደም ግፊቱን እንዴት እንደያዘላችሁ ጻፉልኝ።