በጾም ቀን ያወጣሁት መርሐ ግብር

በጎንደር ከተማ በአስጎብኚነት መሥራት በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደውሎ ከደብረ ታቦር የሚያመጣቸውን አያቶቹን ለአንድ ቀን እንዳስጎበኝለት ጠየቀኝ። እሱ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ስለነበረበት ጠዋት ከሆቴሉ በር ላይ አስረክቦኝ ማታ ሊረከበኝ ተስማማን። ስለ አያቶቹ የጠየቅሁት ዕድሜያቸውንና መራመድ መቻላቸውን ብቻ ነበር። «ሁለቱም ሰባን አልፈዋል፤ ግን ከእኔ በላይ ይሄዳሉ» አለኝ። እኔም ለውጭ አገር ጎብኚዎች የማወጣውን መርሐ ግብር አንዲት ሰዓት እንኳ ሳልነካ ያዝሁት፤ ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ቀጥሎ የአፄ ፋሲል መዋኛ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ፣ ከሰዓት በኋላ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ለምሳው የጾም በያይነት አስቀድሜ ማዘዜን እንደ ትልቅ ጥንቃቄ ቆጥሬው ነበር።

ፋሲል ግቢ የገባነው ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ስለ መቆርቆራቸው፣ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ቅጥርና ስለ ዐሥራ ሁለቱ በሮች፣ የአፄ ኢያሱን ግንብ በመጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም በጣሊያን ወረራ ማብቂያ ላይ የእንግሊዞች ቦምብ እንደ ጎዳው እንደ ወትሮዬ አወረድሁት። እማማ በአክብሮት ያዳምጡኛል። አባባ ግን ገና ከፋሲል ግንብ ሥር ስንደርስ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውን ኖራ በአውራ ጣታቸው ይፈትጉ ነበር። ለካ ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ነበሩ።

«ልጄ፣ ይህን ኖራ ካቃጠሉት በኋላ ስንት ጊዜ በውኃ አሰንብተውታል?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ስለ ፖርቱጋሎችና ስለ ሕንዶች የሕንፃ ጥበብ የማወራውን ጀመርሁ። «እሱን አልጠየቅሁህም» አሉኝ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። መልሱን ስለማላውቀው ሰዓቴን አየሁና «አባባ፣ ገና ብዙ ይቀረናል» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አራመድኋቸው። በመጽሐፍ ቤቱ በኩል፣ በአንበሶቹ ቤት በኩል፣ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ግንብ ድረስ ስንሄድ አንድም ጥያቄ አልጨመሩም። ዝምታቸውን እንደ እርካታ ወሰድሁት። አስጎብኚ በራሱ ንግግር ሲጠመድ እንዲህ ያለ ስሕተት አይጎድልበትም።

መዋኛው ጋ የደረስነው ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ነው። ገንዳው ለጥምቀት ካልሆነ በቀር ውኃ ስለማይሞላ ደርቋል፤ የዛፎቹ ሥሮች ግን የቅጥሩን ድንጋይ እንደ እጅ ጣት ጨብጠው ስለሚታዩ፣ እሱን እያሳየሁ ሳለሁ እማማ ሳይናገሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ግንባራቸው በላብ ርሷል። የውኃ ጠርሙሴን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥህ የኔ ልጅ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ?» አሉኝና በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በጾሙ ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ እንደሚቀደስ፣ ሽማግሌዎቻችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ እንደማይቀምሱ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤታችን ያየሁት ነው፤ እናቴም ያን ቀን እንዲሁ ጹማ ነበር። ሆኖም እነዚህን ሰዎች በእንግዳነት ስቀበል የቤቴን ሥርዓት ሆቴሉ በር ላይ ትቼው ገብቻለሁ። አባባም ጠዋት ያልተናገሩትን አሁን ተናገሩ፤ «የአርባ አራቱ ታቦት አገር መጥተን፣ ደጅ ሳንሳለም የንጉሥ ቤት ስንዞር ዋልን። ቀድመህ ወደ አንዱ ትወስደናለህ ብለን ነበር።» ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው፣ ገንዘቡን የከፈለው ልጁ ስለሆነ እሱ ያዘዘውን ማፍረስ ነውር መስሏቸው እንደ ነበር ገለጹልኝ።

ምሳውን ሰረዝሁ፣ ቁስቋምንም ተውሁት። እማማን ጥላ ሥር አስተኝተን ጥቂት ካገገሙ በኋላ ባጃጅ ጠርተን በቀስታ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጣን። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ቅዳሴውን ሲያሰናብት ደረስን። ሁለቱም ጸበል ጠጥተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት የዋሉትን ዳቦ ቆርሰው ለእኔም ሰጡኝ።

ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ጫማችንን አውልቀን ወደ ውስጥ ገባን። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህን ደብር ንቦች እንዳዳኑት የሚነገረውን ታሪክ ስጀምር እማማ ከአፌ ነጥቀው እሳቸው ጨረሱት። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት ግን ቀና ሲሉ ማዞሩ ተመለሰባቸው። የስልኬን የፊት ካሜራ ከፍቼ፣ ፎቶ ሳላነሣ፣ ጣሪያውን እንደ መስተዋት እንዲያሳያቸው በመዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። አጎንብሰው፣ ስልኩን እያዘዋወሩ፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ይህን ዘዴ ዛሬም አንገታቸው ለሚያማቸው እንግዶች እጠቀምበታለሁ፤ ቦታ የሚያስይዘኝ ሰው ሲደውልልኝም ስልኩን ለተጓዦቹ ራሳቸው እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ።

ማታ ለልጅ ልጃቸው የሆነውን ሁሉ ነገርሁትና የግማሽ ቀኑን ክፍያ ልመልስለት አልሁ። አባባ ጣልቃ ገብተው «ገንዘቡን ያዝና ነገ ጠዋት ያን ግንብ አሳየኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ግቢው እንደ ተከፈተ ሁለታችን ብቻ ገባን። ያለ ምንም ማብራሪያ አጠገባቸው ቆምሁ። አንዱን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በዐይናቸው ሄደውበት፣ በምርኩዛቸው ጫፍ አንድ የድንጋይ መገጣጠሚያ አመለከቱና «ይህ የኋላ እጅ ነው፤ ሲሚንቶ ነው፣ ኖራ አይደለም» አሉ። በጣሊያን ዘመን አንዳንዱ ጥገና በሲሚንቶ እንደ ተሠራና በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ እንደ ተመለሱ በንባብ አውቅ ነበር፤ ልዩነቱን በድንጋዩ ላይ ለይቼ አይቼው ግን አላውቅም። «የቱ ጋ ነው አባባ?» አልኋቸው። እጄን ይዘው አውራ ጣቴን መገጣጠሚያው ላይ አስቀመጡት።